ደሴ ላይ አንድ ዓመት በሦስት ስኒ ቡና

ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ የሆነ አንድ ቤት አለ። ደረጃውን ስትወጡ ቡና ቤት ታገኛላችሁ። ሰሌዳ አልሰቀለም፤ የሰፈሩ ሰው «ፎቁ ላይ» ብቻ ነው የሚለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር እዚያ ስለ ጥንት ግኝቶች ያስረዳሉ። ግድግዳው በፎቶና በካርታ ተሞልቷል። ጠረጴዛ ላይ የሚዳሰስ ዕቃ ተደርድሯል። ለአዋቂ 150 ብር፣ ለተማሪ 60 ብር ነው። ቡናው፣ ቆሎውና ድፎ ዳቦው በዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው።

ዋጋውን ያወጣል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ያወጣል። ጉድለቱን ግን አልደብቅም።

መምህሩ ሁሉንም ዘመን አያግበሰብሱም። አንድ ዓመት ይመርጣሉ። በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ከመሬት የወጣውን ብቻ ለሁለት ወር ያህል ያሳያሉ። አሁን ያለው በፈረንጆቹ 1974 ነው። በእኛ ከጥር 1966 እስከ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን ዓመት ስትጠሩ የትልልቆቹ ፊት ይለወጣል። መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ረሃቡ ነው። ቀጥሎ አብዮቱ። በዚያው ዓመት፣ ያውም በዚያን ጊዜው የወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ ዓለም ስለ ሰው ልጅ የሚያውቀውን የለወጠ ነገር እንደተገኘ የሚያነሳልን ሰው ግን እምብዛም የለም። እነዚህ መምህር ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳሉ። አንዱን በሌላው አይሸፍኑም። ይህን አገልግሎት የወደድኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

እኔ ሹፌር ነኝ። ተሳቢ ይዤ ከኮምቦልቻ ተነስቼ ባቲን፣ ሚሌን፣ ሰመራን አልፌ ጋላፊ ድረስ እመላለሳለሁ። ወደዚህ ቤት የጎተተችኝ ዘጠነኛ ክፍል ያለች ልጄ ናት። «አባዬ፣ አንተ የምታልፍበት አገር ነው የሚወራው፤ ና እንጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ካልያዘኝ አልቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል። ቡናውን የምታፈላው የቤቱ ባለቤት ናት፤ ሁሉም «እቴቴ» ነው የሚላት። ገለጻው በቡናው ዙር ይሄዳል። አቦል ሲቀዳ ሩቅ አገር፣ ቶና ላይ መካከለኛው ምሥራቅ፣ በረካ ላይ እኛው ጋ። በየዙሩ መካከል ሰው ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሽማግሌውም ተማሪውም አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። የወሎ ቡና መቼም እንዲህ ነው።

አቦሉ ሲታደል ፕሮጀክተሩ አውስትራሊያን አሳየን። ሙንጎ የሚባል፣ ውኃው ከደረቀ ሺህ ዓመታት ያለፉት ሐይቅ። ጂም ቦውለር የሚባል የሥነ ምድር ተመራማሪ በየካቲት 1966 ዝናብ ያጠበውን አሸዋ ሲያይ የራስ ቅል ብቅ ብሎ አገኘ። ሲቆፈር የአንድ ሰው አፅም ሆነ። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹ ተጣምረው ነበር የተቀበረው። በላዩ ላይ ቀይ አፈር ተነስንሶበታል። ያ ቀይ አፈር ደግሞ የአካባቢው አይደለም፤ ሰው ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣው ነው።

መምህሩ እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ለሞተ ሰው ይህን ያህል የሚደክም ሰው አውሬ ነው ልትሉት ትችላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልጠበቁም።

ቀጥለው አፅሙ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት ነገሩን። ለአሥርት ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጠና ቆየ። የአገሬው ተወላጆች «አባታችንን መልሱልን» እያሉ ጠየቁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2022 እ.ኤ.አ. መልሶ ተቀበረ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት «እሰይ! አፈሩ ገባ» አሉ፤ ቤቱ በሙሉ ተስማማ። ግኝት ማለት ቆፍሮ ማውጣት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከወጣ በኋላ የማን ነው የሚል ጥያቄ እንዳለበት ልጆቹ ያን ዕለት የገባቸው ይመስለኛል። ይህን ክፍል ያለ ማጋነን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የበለጠ ብዬዋለሁ።

ከዚያ ቻይና መጣ። መጋቢት 1966፣ ሺያን ከተባለችው ከተማ አጠገብ ገበሬዎች ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ድርቅ ነበር፤ የፈለጉት ውኃ ነው። ያገኙት የሸክላ ሰው ሆነ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ የቆየ ጦር፣ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል፣ የአንዱ ፊት ከሌላው ፊት የማይመሳሰል። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ሲሞት እንዲጠብቀው የተሠራ ነው። እሱ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 ነው። ወታደሮቹ በአጠቃላይ ወደ 8 ሺህ ይጠጋሉ ተብሎ ይገመታል።

እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። የሸክላዎቹ ቀለም አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ መላጥ ይጀምራል። ስለዚህ ቻይናዎቹ ብዙውን ክፍል እስካሁን አልነኩትም። የንጉሡን መቃብር ራሱን እስከ ዛሬ አልከፈቱትም። ማቆያ ዘዴ እስኪገኝ ይጠብቃሉ። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲታደስ የድሮው ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ቀን ቀለም ሲቀባበት ላየ ሰው ደግሞ የበለጠ ይገባዋል።

መምህሩ «ውኃ ፍለጋ» የሚለውን ደጋግመው አነሱት። በዚያው ወቅት እዚህ ወሎ ውስጥም ምንጭ ደርቆ፣ ከብት አልቆ፣ ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ መንገድ ወጥቶ ነበር። አባቴ ያን ጊዜ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከደሴ ወደ ቆላው እህል ሲያደርሱ መንገድ ዳር ያየውን ለልጆቹ ሙሉውን ነግሮን አያውቅም። ትንሽ ይጀምርና ይተወዋል። መምህሩም ጉዳዩን ለማስለቀስ አላነሱትም። አንድ የዚያን ዘመን የመንገድ ካርታ አሳዩና «ይህ መንገድ ያኔ ሁለት ዓይነት ሰው ያስተናግድ ነበር፤ እህል ፈላጊና አጥንት ፈላጊ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ይበቃልም።

ቶናው ላይ ግን ቸኮሉብን። ርዕሱ ኤብላ ነው፤ ሶሪያ ውስጥ ከሐለብ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች ጥንታዊ ከተማ። በፓኦሎ ማቲኤ የሚመራ የጣሊያን ቡድን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆፍራት ቆይቷል። በ1974 የመጀመሪያዎቹ 42 የሸክላ ጽሑፎች ወጡ። በዓመቱ ደግሞ ቤተ መዛግብቱ በሙሉ ተገኘ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችና ስባሪዎች። ቤተ መንግሥቱ ከ4 ሺህ ዓመት በፊት ሲቃጠል እሳቱ ጭቃውን ጠብሶ አጠነከረው። ቤቱን ያጠፋው እሳት ጽሑፉን አዳነው። የኤብላ ቋንቋ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ፣ የሴም ልሳን ነው። ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ አለፈ! ሁለት ፎቶ ብቻ። ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትጽፍ አልደረሰችበትም። የሴም ልሳን መሆኑ ከተነሳ ለእኛ ሰው ማር ነው፤ ለምን በሩጫ እንደታለፈ አልገባኝም። ነገርኳቸውም። «ለበረካው ሰዓት ልቆጥብ ብዬ ነው» አሉኝ።

በረካው እውነትም ሰዓት ይበላል።

በረካ ላይ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። መምህሩ ከጠረጴዛው ሥር የእንጨት ሣጥን ያወጣሉ። ውስጡ የጀሶ ቅጂ አጥንቶች በጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ድንቅነሽ ናት። እውነተኛዋ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም መሆኗን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ይህ ቅጂ ነው፤ ማንም መንካት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ በጣም የወደድኩት ሥራ አለ። የተገኘውን አጥንት ቡናማ ቀብተውታል። ጎድሎ በግምት የተሞላውን ነጭ ትተውታል። ስለዚህ ምን ያህሉ እንደተገኘ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የታችኛው መንጋጋ ቡናማ ነው ማለት ይቻላል። የራስ ቅሉ ግን አብዛኛው ነጭ ነው፤ ቡናማው እዚህም እዚያም የተጣለ ጠብታ ብቻ ነው። የሰውነቷ 40 በመቶ ገደማ ተገኝቷል ሲባል እሰማ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት በዚህ ሣጥን ነው።

ታሪኩን እንዲህ ነገሩን። ኅዳር 15 ቀን 1967፣ እሑድ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ጠዋት ከካምፕ ወጥተው ቅሪተ አካል ሲፈልጉ አረፈዱ። ፀሐዩ በረታ። ሊመለሱ ሲሉ ጆሃንሰን ተዳፋቱ ላይ አንድ የክንድ አጥንት አየ። ቀጥሎ የራስ ቅል ስባሪ። የጭን አጥንት። የአከርካሪ አጥንት። የዳሌ አጥንት። ሁሉም የአንድ አካል ነው። ከዚያ በኋላ የካምፑ ሰው በሙሉ ለሳምንታት ያን ተዳፋት እየነፋ እየለቀመ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ሰበሰበ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ቀኑን አስተውሉት። ከዚያ ዕለት በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ አዲስ አበባ ላይ ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት ረሽኗል። መምህሩ ሁለቱን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ለጥፈዋል። ማብራሪያ አልጻፉበትም። ብዙ ሰው እዚያ ወረቀት ፊት ይቆማል። እኔም ቆሜያለሁ።

የጉልበት ነገር ደግሞ አለ። እዚያው ሐዳር ላይ ከድንቅነሽ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1966 መጀመሪያ፣ የጉልበት መጋጠሚያ ተገኝቶ ነበር። መምህሩ አንዲት ተማሪ አስነሱና እግሮቿን ገጥማ እንድትቆም አደረጉ። «እዩ፣ ዳሌዋ ሰፊ ነው፣ ጉልበቶቿ ግን ይገጥማሉ። የጭኗ አጥንት ወደ ውስጥ ያዘነብላል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ የጀሶውን የጭን አጥንት አንስተው ጉልበቱ ጋ ያለውን ዝንባሌ አሳዩን። በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር በአንድ እግሩ ሲቆም እንዳይወድቅ ጉልበቱ ከሰውነቱ ሥር መግባት አለበት። የዝንጀሮ ጭን ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ በሁለት እግሩ ሲሄድ ይወላገዳል። ድንቅነሽ አንጎሏ ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ሰው መጀመሪያ ቆመ፣ አንጎሉ ኋላ ተከተለ። ይህ የዓለም ሳይንቲስቶችን ያከራከረ ነገር በአንዲት ልጅ ጉልበት በአምስት ደቂቃ ተብራራ። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ቢበዛልን ምን ነበረበት!

እጄ ላይ የጎድን አጥንቷን ቅጂ ይዤ ነበር። የክብሪት ቀፎ የምታህል ስባሪ ናት። ያን አገር አውቀዋለሁ። ሐዳር ከሚሌ በስተደቡብ፣ ወደ አዋሽ ከሚወስደው መንገድ በስተምዕራብ ነው። እኛ ከባቲ ወርደን ሚሌ ላይ ወደ ግራ ነው የምንታጠፈው። መሬቱ ጠጠርና አቧራ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ዓይን ያጭበረብራል። በዚያ ሁሉ ጠጠር መሐል ይህችን ለይቶ የሚያይ ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ነው? ይህን ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። የመምህሩ መልስ ነው እንግዲህ ወደ ዋናው ቅሬታዬ የሚወስደኝ።

«ዓይኑ የፈረንጅ ብቻ አልነበረም» አሉ። በዚያው የ1967 የሥራ ወቅት፣ ከድንቅነሽ ቀደም ብሎ፣ ዓለማየሁ አስፋው የሚባል ኢትዮጵያዊ የመንጋጋ ቅሪተ አካሎችን አግኝቷል። ከጥንት ቅርስ መሥሪያ ቤት ተወክሎ ከቡድኑ ጋር የነበረ ሰው ነው። የአፋር ሰዎችም በሥራው ነበሩ። ቤቱ ይህን ሲሰማ ተነቃቃ። እኔ ግን ግድግዳውን ዞሬ አየሁ። ጆሃንሰን አለ። ሞሪስ ታይብ አለ። ኢቭ ኮፐንስ አለ። ሦስቱም ቡድኑን የመሩ ናቸው፤ ይገባቸዋል። የዓለማየሁ ስም ግን የለም። በአፍ የተነገረ ይረሳል። ልጆቹ የሚገለብጡት ከግድግዳው ነው፤ በስልክ ፎቶ የሚያነሱትም ግድግዳውን ነው። ስሙ ከሌሎቹ እኩል በትልቁ መጻፍ አለበት። ለመምህሩም ለባለቤቷም ነግሬያለሁ። «አብሽር፣ ይጻፋል» ብላኛለች እቴቴ። እጠብቃለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ካርታው ነው። የተሰቀለው የዛሬው የክልሎች ካርታ ብቻ ነው። ሐዳር ዛሬ አፋር ክልል ነው፤ ትክክል ነው፣ ክብሩም የአፋር ሕዝብ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ያ ቆላ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። የድሮው ካርታ አጠገቡ ካልተሰቀለ ወጣቱ «ይህ ከደሴ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። አንዱ ከኋላዬ ብሎታልም። ሁለት ካርታ ጎን ለጎን መስቀል ከባድ ሥራ አይደለም።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የምዕራቡ መስኮት መጋረጃው ሳስቷል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፣ የቻይናዎቹ ፎቶ ደብዝዞ ነው ያየነው። እጣኑም ፕሮጀክተሩ ፊት መጨሱ አይረዳም። ዱካዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ወገብ ያለበት ሰው ግድግዳ ዳር ያለውን አግዳሚ ይያዝ። ደረጃው ቀጥ ያለና መያዣ የሌለው ስለሆነ አዛውንት ይዛችሁ ስትመጡ ደግፏቸው። መብራት ሲጠፋ ግን አትነሱ። አንድ ቀን በረካው ላይ ጠፍቶ መምህሩ በስልክ ባትሪ ብርሃን ቀጠሉ፤ እንዲያውም አጥንቶቹ በጎን ብርሃን ጥላቸው ጎልቶ ይበልጥ ታዩን።

ቡናው ጥሩ ነው። አቦሉ ወፍራም፣ በረካውም ውኃ ያልሆነ። ቆሎው ሱፍ አለው። ድፎው አንዳንድ ጊዜ ቶሎ ያልቃል።

ለማን ይሆናል? ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላሉ ልጆች በጣም ይሆናል። ከዚያ በታች ያሉት ከአቦል በኋላ ይሰለቻሉ፤ ሣጥኑ እስኪከፈት ማቆየት ይከብዳል። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህ የከተማው ልጆች ታሪክን በእጃቸው ዳስሰው የሚማሩበት አጋጣሚ ሲገኝ ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ። መምህራን ክፍላችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ዋጋው እንደሚቀነስ እቴቴ ነግራኛለች። ከሐይቅና ከኮምቦልቻ የሚመጡም አሉ፤ ከገለጻው በኋላ ታክሲ ይገኛል፣ ግን ከ12 ሰዓት በፊት ውጡ።

የ1974ቱ ዝግጅት ሊያበቃ ጥቂት ቅዳሜዎች ቀርተውታል። ቀጥሎ የተመረጠው ዓመት በፈረንጆቹ 2000 ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ከሐዳር ማዶ፣ ከአዋሽ ወዲያ፣ ዲኪካ ላይ ሰላም የተባለችውን ሕፃን ያገኘበት ዓመት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት፤ ከድንቅነሽ ትቀድማለች። መምህሩ የሰላምን ቅጂ ለማሠራት ጀሶ እየፈለጉ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ ጀሶ የሚሸጥ የምታውቁ ቅዳሜ ስትመጡ ንገሯቸው። ቦታ ለመያዝ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፤ 9 ሰዓት ሲሆን የሚገኘው ደረጃው ላይ መቆም ብቻ ነው።